ፖርት ታልቦት፦ ምድጃዎቹ ጠፍተው ወደቡ የቀረላት ከተማ

በደቡብ ዌልስ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው ፖርት ታልቦት የቀረው የመጨረሻው ብላስት ፈርነስ፣ ማለትም የጋለ አየር እየተነፋበት ከማዕድን ብረት የሚያወጣው አራተኛው ምድጃ፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ጠፋ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጎረቤቱ የነበረው አምስተኛው ምድጃ ሦስት ወር ያህል ቀድሞት ጠፍቷል፤ ከድንጋይ ከሰል ኮክ የተባለውን የምድጃ ማገዶ የሚያዘጋጁት መጋገሪያዎች ደግሞ የዚያው ዓመት ማርች ላይ ተዘግተዋል። ወሬው በየአገሩ «ፋብሪካው ተዘጋ» እየተባለ ቢናፈስም ነገሩ ከዚያ ይለያል። የተዘጋው ከማዕድን ብረት የሚያወጣው ክፍል ነው። ብረቱን ዳምጦ ጥቅል ላሜራ የሚያደርገው ክፍል ከውጭ በሚመጣ ብረት ሥራውን ቀጥሏል፤ በጠፉት ምድጃዎች ፈንታም ውዳቂ ብረት በኤሌክትሪክ የሚያቀልጥ ምድጃ እየተገነባ ነው።

ለከተማዋ ዕጣ ፈንታ ትልቁ ቁም ነገር ያለው እዚህ ለውጥ ውስጥ ነው። ብላስት ፈርነሱ እዚያ ቦታ ላይ የቆመው ባሕሩ፣ የድንጋይ ከሰሉና ሜዳው ስላስገደዱ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚፈልገው ግን ውዳቂ ብረትና ርካሽ መብራት ነው። ሁለቱም የባሕር ዳርቻ ስጦታዎች አይደሉም። ፖርት ታልቦትን ከብረት ጋር ያጋባት መልክዓ ምድር ነበር፤ አሁን ያ ጋብቻ ላልቷል።

በተራራና በባሕር መካከል

ከተማዋ ያለችው በስዋንሲ ባሕረ ሰላጤ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ የአፋን ወንዝ ባሕሩን ከሚቀላቀልበት ቦታ ነው። ተራራው ከቤቶቹ ጓሮ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ይወጣል። በተራራውና በባሕሩ መካከል የቀረው ሜዳ ጠባብ ነው፤ በዚያ ላይ ቤቱም፣ በ1850 የተከፈተው የባቡር ሐዲድም፣ ኤም 4 የተባለው ፈጣን መንገድም፣ ፋብሪካውም ተደርድረዋል። ወደ ደቡብ ሲኬድ የማርጋም የአሸዋ ክምር፣ ከዚያም ኬንፊግ አለ። ኬንፊግ በመካከለኛው ዘመን የነበረች ከተማ ናት፤ ነፋስ ያመጣው አሸዋ ስለቀበራት ሰዎቿ ትተዋት ሄደዋል። ዋናው ነፋስ የሚነፍሰው ከደቡብ ምዕራብ፣ ማለትም ከባሕሩ ወደ ከተማው ነው። ይህ ነፋስ በኋላ ከፋብሪካው አቧራ ጋር ተያይዞ ይመጣል።

ኢንዱስትሪው የጀመረው በብረት አልነበረም። በ1147 የተመሠረተው የማርጋም ገዳም የሲስተርሲያን መነኮሳት በአካባቢው የድንጋይ ከሰል የማውጣት መብት ነበራቸው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ታይባክ በተባለው ሰፈር የመዳብ ማቅለጫ ተተከለ። በአቅራቢያው የመዳብ ማዕድን የለም፤ ማዕድኑ የሚመጣው ከባሕሩ ማዶ ከኮርንዎል ነበር። ምክንያቱ የሒሳብ ጉዳይ ነው፤ በዚያ ዘመን አንድ ቶን መዳብ ለማውጣት ከማዕድኑ ይልቅ የከሰሉ ክብደት ስለሚበልጥ ማዕድኑን ወደ ከሰሉ ማምጣት ይረክስ ነበር። ስዋንሲና አካባቢዋ የዓለም የመዳብ ማዕከል የሆኑት በዚህ ስሌት ነው፤ ፖርት ታልቦትም የዚያው ሰንሰለት አንድ ቀለበት ነበረች።

ችግሩ ባሕሩ ላይ ነበር። የብሪስቶል ቻናል የባሕር ሙላትና ጉድለት በዓለም ላይ ከሚታወቁት ከፍተኞቹ አንዱ ነው፤ ጨረቃ ስትሞላና ስትወለድ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት በዚህ ዳርቻ ከ8 ሜትር በላይ ይሆናል። ጠዋት የተንሳፈፈ መርከብ ከሰዓት በኋላ ጭቃ ላይ ይቀመጣል። እንጨት መርከብ ይህን ይችለዋል፤ የተጫነ ትልቅ መርከብ ግን ወገቡ ይሰበራል። መፍትሔው በ1830ዎቹ መጣ። የአፋንን ወንዝ በአዲስ ቦይ አዙረው አሮጌውን የወንዝ አልጋ በበር ዘጉት፤ ባሕሩ ሲሞላ በሩ ተከፍቶ መርከብ ይገባል፣ ሲጎድል ተዘግቶ ውኃው ውስጥ ይቀራል። ይህ የመርከብ ገንዳ በ1837 ተከፈተ። የሥራው ደጋፊ የአካባቢው ባለ ርስትና የፓርላማ አባል ክሪስቶፈር ራይስ ማንሰል ታልቦት ነበሩ፤ የከተማዋም ስም ከእሳቸው ቤተሰብ የተወሰደ ነው። እሳቸው በ1890 ካረፉ በኋላ ልጃቸው ኤሚሊ ሻርሎት ታልቦት ገንዘባቸውን በሰፊው አዲስ ገንዳና በባቡር ሐዲዱ ላይ አዋሉት። ገንዳው በ1898 ሲከፈት ዓላማው ከሸለቆዎቹ የሚወጣውን ከሰል ወደ ውጭ መላክ ነበር።

ፋብሪካው እንዴት ወደ አሸዋው ወረደ

አረብ ብረት በቦታው መሠራት የጀመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ደግሞ የማርጋም ፋብሪካ ግንባታ ተጀመረ። ዛሬ የምናውቀው ግዙፉ ጣቢያ ግን የ1947 ውሳኔ ውጤት ነው። በደቡብ ዌልስ ተበታትነው የነበሩ ትናንሽ የቆርቆሮ ፋብሪካዎች በእጅ የሚዳመጥ ላሜራ ይሠሩ ነበር፤ በአሜሪካ በሰፊው የተለመደው ተከታታይ መዳመጫ ከገበያ እያስወጣቸው ነበር። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ተጣምረው የዌልስ ስቲል ኩባንያን መሠረቱ፤ «አቢ ወርክስ» የተባለውንም በ1951 ከፈቱ። ስላብ ከሚባል ወፍራም የብረት ሰሌዳ ጀምሮ እየዳመጠ ጥቅል ላሜራ የሚያወጣው መዳመጫ መስመሩን ሳያጥፍ ቀጥ ብሎ መዘርጋት አለበት። በሸለቆዎቹ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ስለማይገኝ ያለው ምርጫ የማርጋም አሸዋና ረግረግ ብቻ ነበር። ረግረጉ ክብደት ስለማይሸከም በሺዎች የሚቆጠሩ ምሰሶዎች ወደ ታች ተተክለው ነው ፋብሪካው የቆመው። በ1960ዎቹ በዚህ ጣቢያ 18 ሺህ ያህል ሠራተኞች ነበሩ።

ቀጣዩ ማነቆ ደግሞ ያው ገንዳ ሆነ። አንድ ቶን ብረት በብላስት ፈርነስ ለማውጣት በግምት 1.6 ቶን የብረት ማዕድን፣ ግማሽ ቶን የሚሆን ኮክና የደቀቀ ከሰል፣ እንዲሁም የኖራ ድንጋይ ይፈለጋል። በዓመት 4 ሚሊዮን ቶን ብረት ለማውጣት ከ8 ሚሊዮን ቶን በላይ ጥሬ ዕቃ በባሕር ይገባል ማለት ነው። አሮጌው ገንዳ የሚያስተናግደው ቢበዛ 10 ሺህ ቶን ገደማ የሚጭን መርከብ ነበር፤ በዚህ ከ800 በላይ የመርከብ ጉዞ ይሆናል። በ1970 ንግሥት ኤልሳቤጥ የመረቁት አዲሱ ጥልቅ ወደብ 100 ሺህ ቶን የሚጭን መርከብ ያስገባል፤ ጉዞው ወደ 80 ይወርዳል። ረጃጅም የማዕበል መከላከያ ግድግዳዎች ባሕሩ ውስጥ ገብተዋል፤ ማዕድኑ ከመርከቡ ላይ በማጓጓዣ ቀበቶ ቀጥታ ወደ ፋብሪካው ክምር ይሄድ ነበር። የአካባቢው ከሰል እያለቀና የማዕድኑ ምንጭ ወደ ብራዚል፣ ካናዳና አውስትራሊያ እየራቀ ሲሄድ በመሀል አገር ያሉ የብሪታንያ ምድጃዎች አንድ በአንድ ሲጠፉ ፖርት ታልቦት የቆየችው በዚህ ወደብ ነው።

የጠባቡ ሜዳ ዋጋ ግን በከተማዋ ሰው ላይ ወደቀ። በ1966 የተከፈተው ፈጣን መንገድ የሚያልፍበት ቦታ ስላጣ ቤቶች ፈርሰውለት በምሰሶ ላይ ተሰቅሎ በሰፈሮች አናት ላይ ተዘረጋ። ነፋሱ የማዕድኑንና የምድጃውን አቧራ ይዞ ታይባክ ላይ ያራግፍ ነበር። የአካባቢው ምክር ቤት በ2000 የታይባክንና የማርጋምን አካባቢ በአየር ብናኝ ምክንያት ልዩ ክትትል የሚደረግበት ቀጠና አድርጎታል። በ2018 ባንክሲ የተባለው ሥዕሉን እንጂ ፊቱን የማያሳይ ሠዓሊ ታይባክ ውስጥ ባለ ጋራዥ ግድግዳ ላይ፣ የሚዘንብ በረዶ መስሎት ምላሱን ያወጣ ሕፃን ሣለ፤ ማዕዘኑን ዞር ሲሉ በረዶው ከሚነድ የቆሻሻ ገንዳ የሚወጣ አመድ ነው።

ምድጃው ሲታመም

ብላስት ፈርነስ እንደ መኪና ሞተር ጠዋት ተነስቶ ማታ አይጠፋም። ከአናቱ ማዕድን፣ ኮክና ኖራ በንብርብር ይገባሉ፤ ከሥሩ ከ1,000 ዲግሪ በላይ የጋለ አየር ይነፋል። ኮኩ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከማዕድኑ ኦክስጅኑን ይነጥቃል፤ 1,500 ዲግሪ የሚጠጋ ፈሳሽ ብረት ከታች ይጠራቀማል፣ ስላግ የሚባለው ዝቃጭ በላዩ ይንሳፈፋል። ይህ ሥራ ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ ለ15 ወይም ለ20 ዓመት ይቀጥላል፤ ከዚያ የውስጡ ጡብ ተበልቶ ስለሚያልቅ ምድጃው እንደገና ይገነባል። አራተኛው ምድጃ በ2013 እንደገና ሲለኮስ ለእድሳቱ 185 ሚሊዮን ፓውንድ ወጥቶበት ነበር።

ትልቁ ጠላት ውኃ ነው። የምድጃው ቅርፊት እንዳይቀልጥ በዙሪያው ቀዝቃዛ ውኃ ይዞራል። ኖቬምበር 7 ቀን 2001 በአምስተኛው ምድጃ የማቀዝቀዣ ውኃ ፓምፖች ተቋረጡ፤ ሙቀቱ ማቀዝቀዣዎቹን ጎዳቸው፣ ውኃው ሲመለስ በተቀደዱት በኩል ወደ ውስጥ ፈሰሰ። ምድጃው ቀዘቀዘ። ሠራተኞቹ ሙቀቱን ለመመለስ ሲታገሉ አድረው በማግስቱ አመሻሹ ላይ ውኃው ከቀለጠው ብረት ጋር ተገናኘና ፈነዳ። ከነይዘቱ 5 ሺህ ቶን የሚመዝነው ምድጃ 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ተነስቶ ተመልሶ ተቀመጠ፤ በተከፈተው ክፍተት የጋለ ነገር ወደ ሥራ ቦታው ተረጨ። 3 ሠራተኞች ሞቱ፤ ሌሎች በጽኑ ተቃጠሉ። ኮረስ የተባለው ባለቤቱ ኩባንያ በ2006 የ1.33 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ተፈረደበት። ምድጃው በ2003 እንደገና ተሠርቶ ነበር ሥራ የጀመረው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ፤ በ2024ቱ ክርክር ብዙ ጊዜ ተዘንግቶ ነበር። «ለጊዜው እናጥፋው፣ በኋላ እንለኩሰው» የሚባል ቀላል አማራጭ የለም። ከታች የሚቀረው ብረት ከረጋ ድንጋይ ይሆናል፤ ጡቡም ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። በሥርዓት ካልተጠፋ እንደገና ማስነሳት ከአዲስ ግንባታ ብዙም አይተናነስም።

ውሳኔው

ፋብሪካው በ1967 የመንግሥት ሆነ፤ በ1980ው የሠራተኛ ቅነሳ ግማሽ ያህል ሠራተኛ ወጣ፤ በ1988 ተመልሶ ወደ ግል ተዛወረ። በ1999 ከኔዘርላንድሱ ሆጎቨንስ ጋር ተዋሕዶ ኮረስ ሲባል፣ በ2007 የሕንዱ ታታ ስቲል ገዛው። በ2016 ታታ የብሪታንያ ንብረቱን ሊሸጥ አስቦ ተወው። በሴፕቴምበር 2023 ከመንግሥት ጋር የ1.25 ቢሊዮን ፓውንድ ስምምነት ላይ ደረሰ፤ ከዚህ 500 ሚሊዮኑ የመንግሥት ነው። በጃንዋሪ 2024 ሁለቱም ምድጃዎች እንደሚዘጉና በአገሪቱ ውስጥ እስከ 2,800 የሥራ መደቦች እንደሚታጠፉ አስታወቀ።

የሠራተኛ ማኅበራቱ ሐሳብ ሌላ ነበር፤ የኤሌክትሪኩ ምድጃ ተሠርቶ እስኪያልቅ አራተኛው ምድጃ ይቆይ ነው የሚሉት። ታታ አዲሱ ምድጃ የሚተከለው ፈሳሽ ብረት በሚንቀሳቀስበት በነባሩ የአረብ ብረት አዳራሽ ውስጥ ስለሆነ አደጋ አለው፣ ወጪውም ቢያንስ 1.6 ቢሊዮን ፓውንድ ይጨምራል አለ። ፋብሪካው በቀን ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እየከሰረ እንደነበርም ኩባንያው ደጋግሞ ተናግሯል። በእኛ ግምት የኩባንያው ቴክኒካዊ መከራከሪያ ሚዛን ይደፋል። ድክመቱ ጊዜው ላይ ነው፤ ውሳኔው ከአሥር ዓመት በፊት ቢወሰን ኖሮ አንዱን ሳያጠፉ ሌላውን መትከል ይቻል ነበር።

ውዳቂ ብረትና መዳቡ

አዲሱን ምድጃ የሚሠራው ቴኖቫ የተባለው የጣሊያን ድርጅት ነው። በአንድ ዙር 320 ቶን፣ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ያህል እንዲያቀልጥ ታስቧል፤ ግንባታው በጁላይ 2025 ተጀምሯል። አሠራሩ ከግራፋይት ኤሌክትሮዶች ወደ ውዳቂው ብረት በሚዘል ብልጭታ ነው። ኖራ ይጨመራል፣ ኦክስጅን ይነፋል፣ ከአንድ ሰዓት ባልራቀ ጊዜ 1,600 ዲግሪ ያለፈ ፈሳሽ ይቀዳል።

ብሪታንያ ውዳቂ ብረት አታጣም፤ በዓመት ከ10 ሚሊዮን ቶን በላይ ትሰበስባለች፣ አብዛኛውንም ወደ ቱርክና ሌሎች አገሮች ትልካለች። ችግሩ ጥራቱ ነው። የተፈጨ መኪና ውስጥ የሽቦና የሞተር መዳብ አለ። መዳብ በማቅለጥ አይወገድም፤ ብረቱ ኦክስጅን ሲነፋበት ካርቦኑና ሲሊከኑ ይቃጠላሉ፣ መዳቡ ግን ሳይነካ ይቀራል። ጉዳቱ የሚታየው ሲዳመጥ ነው። ስላቡ ከ1,100 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ የላይኛው ብረት ዝጎ ይላጣል፣ መዳቡ ከዝገቱ ሥር ይከማቻል። መዳብ በ1,085 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ፈሳሽ ሆኖ በብረቱ ቅንጣቶች መካከል ሰርስሮ ይገባል፤ መዳመጫው ሲጫነው ገጹ ይሰነጣጠቃል። ቆርቆሮ፣ ማለትም የጣሳ ልባጥ የሚሆነው ብረት፣ ሲጨመርበት ይብሳል።

አገራችን ለግንባታ የምንጠቀምበት ፌሮ ይህን ይታገሣል፤ እስከ 0.4 በመቶ ገደማ መዳብ ቢኖረውም ሥራውን ይሠራል። የመኪና በርና የመጠጥ ጣሳ የሚሆን ላሜራ ግን ከ0.1 በመቶ በታች ይፈልጋል። የፖርት ታልቦት ደንበኞች እነዚህኞቹ ናቸው፤ በዌልስ ያሉት የታታ ሌሎች ፋብሪካዎች፣ የላኔሊው ትሮስትሬ ለጣሳ፣ ላንወርን ለመኪና፣ ሾተን ለቀለም ቅብ የሕንፃ ላሜራ የሚሆነውን ጥቅል የሚቀበሉት ከዚህ ነው። ናይትሮጅንም አለ፤ የኤሌክትሪኩ ብልጭታ የአየሩን ናይትሮጅን ወደ ብረቱ ስለሚያስገባ ላሜራው ይደርቃል፣ ሲታጠፍም ይሰነጠቃል። ለዚህ ስላጉን በካርቦን አረፋ ማስደፈቅና ብልጭታውን በአረፋው ውስጥ መሸፈን ይረዳል።

ለመዳቡ ሁለት መድኃኒት አለ። አንዱ ከመፍጨቱ በፊት ሞተሩንና ሽቦውን ፈትቶ ማውጣት ነው፤ መርካቶ ውስጥ ከቁራሌው የተገዛውን ዕቃ የሚለዩት ሰዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፣ በእንግሊዝ ደሞዝ ግን ውድ ይሆናል። ሌላው ከማዕድን የወጣ ንጹሕ ብረት ቀላቅሎ ማቅጠን ነው። በተፈጥሮ ጋዝ ወይም በሃይድሮጅን ከማዕድን የተሠራ ብረት በጡብ መልክ ተጨምቆ በመርከብ ይመጣል። ያልተጨመቀው ዓይነት ቀዳዳው የበዛ ስለሆነ የባሕር ውኃ ሲነካው ይሞቃል፣ ሃይድሮጅንም ያወጣል፤ መርከብ ላይ እሳት ያስነሣል። ጥልቁ ወደብ ለአዲሱ ምድጃ የሚጠቅመው ከሁሉ በላይ በዚህ በኩል ነው፤ ይሁንና ከባሕር የሚመጣው ድርሻ በፊት ከነበረው ጋር አይተካከልም።

መብራቱና የጎደሉት ዓመታት

አንድ ቶን ውዳቂ ብረት ለማቅለጥ ከ400 እስከ 500 ኪሎ ዋት ሰዓት መብራት ይሄዳል። በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ቢቀልጥ ከ1.2 እስከ 1.5 ቢሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ውዳቂው ሲናድ ብልጭታው ስለሚቆራረጥ የመሥመሩ ኃይል ይዋዥቃል፤ የሚያረጋጋ ልዩ መሣሪያ ካልተተከለ የጎረቤት ቤት አምፖል ሳይቀር ብልጭ ድርግም ይላል። ስለዚህ አዲስ ጠንካራ መሥመርና ማከፋፈያ ጣቢያ የግድ ነው። ብሪታንያ ለኢንዱስትሪ የምታስከፍለው የመብራት ዋጋ ከፈረንሳይና ከጀርመን የሚበልጥ መሆኑ የዘርፉ የቆየ ሮሮ ነው፤ መንግሥት ከ2024 ጀምሮ ለትላልቅ ተጠቃሚዎች ቅናሽ ቢያደርግም ልዩነቱ አልጠፋም።

ምድጃው ሥራ ይጀምራል የተባለው በ2027 መጨረሻ ወይም በ2028 መጀመሪያ ነው። እስከዚያ መዳመጫው የሚበላው ከኔዘርላንድስ፣ ከሕንድና ከሌሎች አገሮች የሚመጣ ስላብና ጥቅል ነው። ኩባንያው የጣቢያው የካርቦን ልቀት በ90 በመቶ፣ በዓመትም በ5 ሚሊዮን ቶን ይቀንሳል ይላል። ለጣቢያው እውነት ነው። ይሁን እንጂ በእነዚህ ዓመታት የሚዳመጠው ስላብ የተሠራው ሌላ አገር ባለ ብላስት ፈርነስ ከሆነ ጭሱ አድራሻ ነው የቀየረው። የንግድ ጣጣም አለ፤ አሜሪካ ቀረጥ ለመቀነስ ብረቱ የቀለጠውና የተቀዳው እዚያው ብሪታንያ ውስጥ ይሁን የሚል ቅድመ ሁኔታ ማንሳቷ ከውጭ የመጣ ስላብ የሚዳምጥን ፋብሪካ በቀጥታ ይጎዳል። ከፖርት ታልቦት በኋላ በብሪታንያ ከማዕድን ብረት የሚያወጡት የስካንቶርፕ ምድጃዎች ብቻ ሲቀሩ፣ መንግሥት በኤፕሪል 2025 ፓርላማውን በቅዳሜ ጠርቶ የእነሱን አስተዳደር የሚቆጣጠርበት ሕግ አወጣ። የፖርት ታልቦት ሰው «ለእኛስ?» ብሎ መጠየቁ አያስገርምም።

ለወደቡ ሌላ ሥራ ታስቧል። ፖርት ታልቦት ከሌላዋ የዌልስ ወደብ ከሚልፎርድ ሄቨን ጋር «ሴልቲክ ፍሪፖርት» የተባለው ነፃ የንግድ ቀጠና አካል ናት። በሴልቲክ ባሕር ላይ ለሚተከሉ ተንሳፋፊ የነፋስ ተርባይኖች መገጣጠሚያ እንድትሆን ይፈለጋል። በጁን 2025 የባሕር ወለሉን የሚያስተዳድረው ክራውን እስቴት ለሁለት ፕሮጀክቶች እያንዳንዳቸው 1.5 ጊጋ ዋት የሚያመነጩበት ቦታ ሰጥቷል። ተርባይኑ የሚቆምበት መሠረት በሺዎች ቶን የሚመዝን ስለሆነ ጥልቅ ውኃ፣ ክብደት የሚችል መትከያና ሰፊ ማስቀመጫ ሜዳ ይፈልጋል፤ ጥልቁ ውኃና ሜዳው በቦታው አሉ፣ መትከያው ግን ገና ይገነባል። ብየዳ፣ ክሬንና የኤሌክትሪክ ጥገና የሚችል ሠራተኛ እዚያ ቦታ ያገኛል፤ ዕድሜውን ምድጃ ሲጠብቅና ብረት ሲቀዳ የኖረው ግን ሙያው እንዳለ አይሻገርለትም። ቀኑም አይገጥምም፤ የምድጃው ደሞዝ የቆመው በ2024 ሲሆን ተርባይኖቹ ባሕሩ ላይ ይቆማሉ የሚባለው በ2030ዎቹ ነው።